የገለቴ ክርስትና እናት

ስንዱ ዲሪርሳን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ሲያለቅስ ነው። ያስለቀሰችው ደግሞ የካርቱን ጃርት ነበረች።

ቡራዩ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳው ሁሉ የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈበት ጠባብ ክፍል አለ። ካርቶኑ የመንገዱን ጡሩምባ እንዲውጥ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ የውጭ ፊልም ታሪክ እያሳጠሩ በአማርኛና በኦሮምኛ ይተርካሉ፤ ከዚያ ዩቲዩብ ላይ ይለቁታል። ስንዱ የአማርኛ ተራኪ ሆና የተቀጠረች ዕለት በሩን ስትከፍት፣ አንድ ረዥም ሰው ማዳመጫ ጆሮው ላይ እንዳደረገ ማይኩ ፊት ተቀምጧል። በኦሮምኛ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቅቶት እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ጃርት ጎርፍ መሀል ግንድ ላይ ተንጠልጥላ አባቷን ትጣራለች።

ስንዱ ሳቀች። ክፋት የለባትም፤ ሳቅ ሲመጣባት ግን መመለሻ የላትም፤ ይህን ሰበታ ያሉ ጎረቤቶቿ ሁሉ ያውቁላታል።

«ይቅርታ አድርግልኝ... ግን እኮ ጃርት ናት» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ ሰውዬው ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ። «ግን ልጅ ናት።»

ከጠረጴዛው ሥር አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ብስኩት እየበላች ብቅ አለች።

«አባ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ያለቅሳል» አለች፣ የታወቀ ነገር እንደሚናገር ሰው። «እማዬ ስለሞተች ነው።»

ስንዱ አፏን በእጇ ያዘች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሰውዬው ግን አልተቆጣም፤ ወንበር ሳበላት።

«ተቀመጪ። ስንዱ አንቺ ነሽ አይደል? እኔ ዲሪርሳ እባላለሁ፤ የኦሮምኛውን የምተርከው እኔ ነኝ። እሷ ገለቴ ናት። አያቷ ቤተ ክርስቲያን ሲውሉ ከሱሉልታ ይዣት እመጣለሁ።»

ስንዱ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ያን ቀን ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልሳቀችም፤ ለእሷ ይህ ብርቅ ነው።

ስንዱ አንድ የሥራ ልማድ ነበራት። ማንኛውንም ፊልም ከመተረኳ በፊት ነጩ ሰሌዳ ላይ አራት ቦታ ትከፍለዋለች፦ መነሻ፣ መንገድ፣ ገደል፣ መመለሻ። የቤተሰብ ፊልም ጃርት ይሁን ዓሣ ከእነዚህ አይወጣም ትላለች። መነሻው ላይ ቤት ይፈርሳል። መንገዱ ላይ የማይተዋወቁ ሁለት ፍጥረቶች ይላመዳሉ። ገደሉ ላይ ሁሉ ነገር ያበቃለት ይመስላል። መመለሻው ላይ ደግሞ ሁሉም ቤቱ ይገባል፣ ልጆችም ያጨበጭባሉ።

አብረው የሠሩት የመጀመሪያ ሥራ ያ የጃርቷ ፊልም ሆነ። ታሪኩ ቀላል ነው። ጎርፍ ጃርቷንና አባቷን ይለያያቸዋል። ክንፏ የተሰበረ አንዲት ሽመላ ታገኛትና አባቷን ፍለጋ አብረው ይሄዳሉ፤ እየተነጫነጩ ጀምረው እየተዋደዱ። ሽመላዋ ለልጅቷ እናት መሆን ያምራታል፤ ግን አትናገርም። ጃርቷ ደግሞ ሽመላዋ ዝም ስትል ጊዜ የሰለቸቻት ይመስላታል። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ «ተይኝ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ» ትላታለች። ሽመላዋም የተጠላች መስሏት ትተዋት ትሄዳለች።

«ይሄ ነው እኔን የሚያበግነኝ» አለች ስንዱ በማርከሩ ሰሌዳውን መታ መታ እያደረገች። «አንድ ጥያቄ እኮ ነው። ‹ትወጂኛለሽ ወይ?› ብትላት ፊልሙ እዚህ ጋ ያልቅ ነበር።»

«ለዚህ ነዋ የማትላት» አለ ዲሪርሳ። «ከጠየቀች ገደል የለም። ገደል ከሌለ ማን ያየዋል?»

«ታዲያ ጸሐፊው ስለፈለገ ብቻ ዝም ትበል?»

«ጸሐፊው አይደለም ዝም ያሰኛት። ፈርታ ነው። መልሱን የፈራ ሰው አይጠይቅም።»

«እኔ ብሆን እጠይቃለሁ» አለች ስንዱ።

ዲሪርሳ ፈገግ አለ። «ቶሌ፣ እሺ... እናያለን።»

ሰው አፉን ሞልቶ የተናገረው ነገር አንድ ቀን መጥቶ ይይዘዋል። ስንዱ ግን ያኔ ይህን የምታስብበት ጊዜ አልነበራትም። ፊልሙ ተወደደ። እሷ በአማርኛ ስታስቅ፣ እሱ በኦሮምኛ ሲያስለቅስ፣ ሰው ሁለቱንም እየከፈተ ያዳምጥ ጀመር። ከሥር አንዲት ተመልካች «ቆይ፣ እናንተ ባልና ሚስት ናችሁ እንዴ?» ብላ ጻፈች። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አነበቡት። ዲሪርሳ ጉሮሮውን ጠራረገና ወደሚቀጥለው አስተያየት ወረደ። ስንዱ ደግሞ ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ለእሷ የሕይወቷ ምርጡ ጊዜ ነበሩ። ምሳ አብረው ይበላሉ። እስከ አስኮ በአንድ ሚኒባስ ይሄዳሉ፤ እሱ ወደ ሱሉልታ፣ እሷ ወደ ሰበታ ከመለያየታቸው በፊት መንገድ ላይ ቆመው የማያልቅ ወሬ ያወራሉ። ገለቴ የመጣች ቀን መሀላቸው ሆና የሁለቱንም እጅ ይዛ ትንጠለጠላለች። ስንዱ ፀጉሯን ትሠራላታለች። ልጅቷም ራሷን ጭኗ ላይ ጥላ እንቅልፍ ይወስዳታል።

ዲሪርሳ ግን ከሥራና ከልጁ ወሬ አልፎ አንዲት ቃል አልተናገረም። ዓይኑ ይናገራል፤ አፉ ዝም ነው። ስንዱ ሌሊት አልጋዋ ላይ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሰው መሀል ተቀምጣ ትጨነቃለች። ሚስቱን ዱርሲቱን አልረሳትም ይሆን? እኔ የሥራ ባልደረባው ብቻ እሆን? መጠየቅ አስባ ታውቃለች። ከንፈሯ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። «የለም፣ እህቴ ነሽ» ቢላትስ? ከዚያ በኋላ በየትኛው ዓይኗ ልታየው ነው?

አንድ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ፣ ገለቴን ውሃ ሊያሳዩ ገፈርሳ ወሰዷት። ልጅቷ ከባሕር ዛፉ ሥር ፍሬ ትለቅማለች። ዲሪርሳ እጁን ኪሱ ከተተና፣

«ስንዱ... አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እምቢ እንዳትዪኝ ግን» አላት።

መጣ አለች በሆዷ። እስከ ዛሬ የጠበቀችው ነገር መጣ።

«ጠይቀኝ» አለች።

«ዱርሲቱ ኦርቶዶክስ ነበረች፤ ታውቂያለሽ። እኔ ጫንጮ፣ ፕሮቴስታንት ቤት ነው ያደግሁት። ስንጋባ በዚህ ብዙ ተከራክረናል። ልትሞት ስትል ግን ‹ልጄን በእኔ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና አስነሳልኝ› አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ ዛሬ ነገ እያልኩ ይኸው አደገች። አሁን ቀን ተቆርጧል።» ቀና ብሎ አያት። «ክርስትና እናቷ አንቺ ሁኚልኝ።»

ስንዱ ውሃውን አየች። ውሃው አልተንቀሳቀሰም።

የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆና ያደገች ሁሉ ይህን ታውቃለች። ልጅ ክርስትና ያነሳ ሰው ለልጁ ወላጆች አበልጅ ነው፤ አበልጅ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ክርስትና እናት የልጅቷን አባት አታገባም። ይህ ወሬ ወይም ልማድ ብቻ አይደለም፤ ሕግ ነው። ስለዚህ አንድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው፣ ልትወደው የምትችልን ሴት «ክርስትና እናት ሁኚልኝ» ካላት፣ በጨዋ ደንብ እየነገራት ያለው አንድ ነገር ነው፦ እህቴ ነሽ፣ ከዚህ አትለፊ።

ገብቶታል ማለት ነው፣ አለች በልቧ። እንደምወደው ገብቶታል። እንዳያሳፍረኝ ብሎ በሩን በቀስታ ዘጋው።

«እማማ ተረፈች ናቸው እኔን የመረጡኝ?» አለች፣ ድምፅዋ እንዳይሰበር እየተጠነቀቀች። ተረፈች የገለቴ አያት፣ የዱርሲቱ እናት ናቸው።

«አይ። እኔ ነኝ። ከአንቺ ሌላ ሰው አልፈልግም።»

«በደንብ አስበህበታል?»

«ከብዙ ጊዜ ጀምሮ።»

እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃት ነበር። «ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?» ብትለው ኖሮ፣ እሱም «ምን ማለት ነው?» ይላት ነበር። ያቺ ሰሌዳ ስትደበድብ የነበረችው ስንዱ ግን አልጠየቀችም። ኩራቷ ያዛት። ፍርሃቷም ያዛት።

«እሺ» አለችው። «ደስ ይለኛል።»

ዲሪርሳ ፊቱ በራ። ያን ያህል ደስ ሲለው አይታው አታውቅም፤ ያ ደስታው ነው ይበልጥ ያቆሰላት።

ክርስትናው ሱሉልታ ውስጥ ባለች አንዲት ደብር ተነሣ። ጠዋቱ ብርድ ነበር። ስንዱ ራሷ የገዛችላትን ነጭ ቀሚስ ገለቴን አለበሰቻት። ልጅቷ ውሃው ቀዝቅዟት ስትጮኽ እቅፍ አድርጋ ያዘቻት፤ ቄሱ ሲጠይቁ ስለ እሷ መለሰች፤ ማዕተቡን አንገቷ ላይ አሰረችላት። ዲሪርሳ ከሴቶቹ ኋላ ቆሞ እንባው ይወርዳል። ስንዱም አለቀሰች። ያያት ሁሉ የደስታ እንባ መሰለው።

እቤት ዳቦ ተቆርሶ ሰው ሲጫወት፣ ተረፈች መሀል ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«እንግዲህ አበልጅ ሆናችኋል፣ ልጆቼ። ዝምድናችሁን ያጽናላችሁ።»

«አሜን» አለ ዲሪርሳ፣ ከሁሉም ድምፅ በላይ።

ስንዱ ከንፈሯን ነከሰች። እንዲህ ጮክ ብሎ አሜን ማለት ምን ይሉታል? ሰው ሲገፋ እንኳ እየቀነሰ ይገፋል፣ አለች በሆዷ። ያን ቀን ሚኒባስ ውስጥ ገብታ ሰበታ እስክትደርስ ልቧን አንድ ነገር ስታስተምረው ሄደች። ወንድሜ ነው። ወንድሜ ነው። ወንድሜ ነው።

ክረምቱ እንደወጣ፣ ዲሪርሳ አንድ ዓርብ ከስቱዲዮ ሲወጡ «እሑድ ቤት ትውያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«እውላለሁ። ምነው?»

«ምንም። አትጨቅጭቂኝ፤ ዋዪ ብቻ» አለና እንደ ልጅ ሮጦ ሚኒባሱ ላይ ወጣ።

እሑድ ከሰዓት፣ አባቷ አቶ ካሳሁን ሳሎን ተቀምጠው ሬዲዮ ሲያዳምጡ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ። ከፊት ያሉት ዱላ የያዙ፣ ግርማ ያላቸው ሰው ናቸው። ስንዱ ከጓዳ ሆና አየቻቸው። ኦቦ ቀጄላን፣ የዲሪርሳን አጎት፣ ክርስትናው ላይ ታውቃቸዋለች። አበልጅ ጥየቃ የመጡ መሰላት፤ ሻይ ልትጥድ ዞረች።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አባቷ።

«አንቀመጥም» አሉ ኦቦ ቀጄላ። «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም።»

የስንዱ እጅ ማንቆርቆሪያው ላይ ቀረ። ሽማግሌ ቆሞ የሚናገረው ለምን እንደሆነ ሴት ልጅ ያለችበት ቤት ሁሉ ያውቃል።

«እርስዎ የተባረከች ልጅ አለችዎ» ቀጠሉ ኦቦ ቀጄላ፣ በኦሮምኛ ለዛ በተቃኘ አማርኛ። «እኛም ልጅ አለን። ሠራተኛ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሐዘን ያየ ነው። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን፣ ቤታችንንም ቤትዎ እንዲያደርጉልን ለምነን መጥተናል። የሃይማኖቱንም ነገር ልጃችን አስቦበታል። በእናንተው ሥርዓት ልጠመቅ ብሏል።»

«ልጃችሁ ማን ይባላል?»

«ዲሪርሳ።»

አቶ ካሳሁን ሬዲዮውን ዘጉ።

«የትኛው ዲሪርሳ? ልጄ ክርስትና ያነሣቻት ልጅ አባት?»

«አዎ፣ እሱ ራሱ» አሉ ኦቦ ቀጄላ ደስ ብሏቸው። «ልጁን እንኳ የተቀበለችለት ናት።»

አባቷ ሲናገሩ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

«ታዲያ ጌታዬ፣ ምን ልትጠይቁኝ ነው የመጣችሁት? እህቱን?»

«አልገባኝም።»

«አበልጅ አይጋባም። ክርስትና እናት የልጇን አባት ልታገባ? እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ ተሰምቶም አያውቅ። ቢጠመቅም፣ ቄስ ቢሆንም አይፈታም።»

ኦቦ ቀጄላ ዱላቸውን ተደገፉ። «ማሎ ያ ዋቃ... ምነው አምላኬ» አሉ በቀስታ። «ጌታዬ፣ ልጁ አያውቅም። እኛም አናውቅም። በእኛ ዘንድ ልጅህን የተቀበለ ሰው ቤትህ የገባ ሰው ነው። ልጁ እኮ እሷ እሺ ካለችው ጊዜ ጀምሮ ነው ልቡ የደፈረው። ‹ልጄን ከተቀበለች እኔን አትጠላኝም› ብሎ ነው የላከን።»

ስንዱ ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሁለቱን ነገር ባንድ ጊዜ ነው የሰማችው፤ እንደሚወዳትም፣ እንደማታገኘውም። አንዱ ሌላውን ተሸክሞ መጣ። ጮክ ያለው አሜን፣ የገፈርሳው ደስታ፣ ከሴቶቹ ኋላ ያለቀሰው ልቅሶ፣ ሁሉም አሁን ገባት። እሷ በሩ ተዘጋ ስትል፣ እሱ በሩን የከፈተ መስሎት ነበር። የዘጋችው ራሷ ናት። እሷ ታውቅ ነበር፤ እሱ አያውቅም ነበር። ማንቆርቆሪያው እሳቱ ላይ ይንጨረጨራል፤ የሚያወርደው አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ። አባቷ ጓዳ ገብተው እሳቱን አጠፉና አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«ትወጂው ነበር?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ታዲያ ክርስትናው ሳይነሣ ለምን አልነገርሽኝም? ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል እኮ፣ ልጄ። እጠመቃለሁ ያለን ሰው፣ አንቺ የወደድሽውን፣ እኔ ምን ብዬ እከለክልሽ ነበር?»

ቢጮኹባት፣ ቢከለክሏት ይሻላት ነበር። ይህን ሲሉ ግን የምትጣላው ሰው አጣች።

በማግሥቱ ዲሪርሳ ሰበታ ድረስ መጣ። ዋናው መንገድ ዳር፣ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ጋ ሲጠብቃት አገኘችው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«የምታውቅ መስሎኝ ነዋ። ያንተ መልስ መስሎኝ... እህቴ ነሽ ያልከኝ መስሎኝ።»

«እኔ? እኔ እህቴ ነሽ?» ሊስቅ ሞከረና አቃተው። «ስንዱ፣ እኔ እኮ የአበልጅን ነገር ዝም ብሎ ወዳጅነት ነበር የሚመስለኝ። ዱርሲቱ አበልጅ ነበራት፤ በዓል በመጣ ቁጥር ዳቦ ይላላካሉ። ከዚህ ሌላ ምንም አላውቅም። የማምነው ሰው ልጄን እንዲይዝልኝ ፈለግሁ። የማምነው ሰው አንቺ ነሽ።»

«አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እወድሻለሁ ማለት...»

«አንቺስ? ብትጠይቂኝ?»

አንድ ባጃጅ ነጂ «አለምገና ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ማንም አልመለሰለትም።

«ማዘጋጃ ቤት እንፈራረም» አለ ዲሪርሳ። «መንግሥት አይከለክለንም። የእኔ ቤተ ክርስቲያንም ያጋባናል። ሱሉልታ እንኑር፣ ወይ ሰው የማያውቀን ቦታ፣ ለገጣፎ እንሂድ። የፈለግሽው ቦታ።»

«አባቶችን ልጠይቅ» አለች። «ጊዜ ስጠኝ።»

የንስሐ አባቷ መምሬ ፍቅረሥላሴ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቋታል። «ይፍቱኝ፣ አባቴ» ብላ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ሁሉንም ነገረቻቸው። እስክትጨርስ ጠበቋት።

«ቀኖና ብሰጥሽ፣ ስግደት ብጨምርብሽ የሚፈታ ቢሆን ዛሬውኑ እሰጥሽ ነበር» አሏት። «ኃጢአት ብትሠሪ ኖሮ መፍትሔ አለው። አንቺ ግን ኃጢአት አልሠራሽም። ልጅ ነው የወለድሽው። የወለዱትን መልሶ ማን ይወስዳል?»

ስንዱ ከቅጥሩ ወጥታ ብዙ ቆመች። ማዘጋጃ ቤቱን አሰበችው። አባቷን አሰበች፤ አይረግሟትም፣ ግን ከእንግዲህ ከማኅበርተኞቻቸው መሀል ቀና ብለው አይቀመጡም። እሱንም ትችለው ነበር፤ ፍቅር ስንቱን አስችሏል። ያልቻለችው ገለቴን ነው። ልጅቷ አድጋ ሰው ሲነግራት፣ ያቺ ማዕተብ ያሰረችልኝ ናት ማዕተቧን የበጠሰችው ትላለች። ያቺን ልጅ ከውሃው ስትቀበላት የሰው ዓይን ፈርታ አልነበረም የመለሰችው፤ አምና ነው። እምነቷን ለፍቅሯ ብትሸጠው፣ የሚቀረውን ስንዱን ዲሪርሳ ራሱ አያውቃትም።

ቡራዩ ሄዳ ስቱዲዮው ውስጥ ነገረችው። ሰሌዳው ላይ ገና ያልተከፋፈለ አዲስ ፊልም ርዕሱ ብቻ ተጽፏል።

«አልችልም፣ ዲሪርሳ።»

«አትወጂኝም?»

«እወድሃለሁ። ከልቤ እወድሃለሁ። ይሄን ሳልነግርህ እንዳልሄድ ነው የመጣሁት።»

ዲሪርሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም። ያ ለካርቱን ጃርት የሚያለቅስ ሰው ደርቆ ተቀመጠ።

«ሌላ ምንም የሚደረግ ነገር የለም?» አላት።

«የለም።»

«ትንሽ ብንጠብቅ?»

«ምን እንጠብቃለን? ብትሞት ለቅሶ ላይ ቅርብ ዘመድ ሆኜ ነው የምቀመጠው። ይሄ ዝምድና አይሞትም።»

ማዳመጫዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። የኦሮምኛው ትረካ ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀጠለና እሱም ቆመ። ስንዱ ሰበታ፣ በአባቷ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ሚስማርና ማጠፊያ ትሸጥ ጀመር። በበዓል ሱሉልታ እየሄደች ገለቴን ትጠይቃለች፤ ክርስትና እናት ናትና ቀርታ አታውቅም። እሷ ስትመጣ ዲሪርሳ ምክንያት ፈልጎ ከቤት ይወጣል፤ ተረፈችም ነገሩ ከገባቸው በኋላ ሻይ እየቀዱ አንገታቸውን ይደፋሉ። «እኔ ባውቅ ኖሮ... የልጄን ቃል ብዬ ነው እንጂ» ይሏታል። «እርስዎ ምን አጠፉ?» ትላቸዋለች። ሁሉም ደግ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ማንንም ሳይበድል፣ ነገሩ ተበላሽቶ ቀረ።

ዓመት ዞሮ ሌላ ክረምት ሲገባ፣ ዲሪርሳ ሳይታሰብ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ከስቷል። ስንዱ ደንበኛ ሸኝታ ወጣች።

«ደህና ነህ? ገለቴ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። እማማ ተረፈች ግን ዓይናቸው ደክሟል፤ ቤቱን አይችሉትም።» መሬት መሬት አየ። «ጫንጮ ያሉ ዘመዶቼ አንዲት ልጅ አጭተውልኛል። ጂሬኛ ትባላለች። ደግ ናት። እሺ አላልኩም ገና። አንቺ ሳትሰሚ አልፈለግሁም።»

«ምን እንድልህ ነው?»

«ተው ካልሽኝ እተወዋለሁ። ዕድሜ ልኬን እንዲሁ እቀመጣለሁ። አንድ ቃል በዪኝ ብቻ።»

ስንዱ አየችው። ተው ማለት ትችላለች። ተው ብትለው እንደሚተወው ታውቃለች። እሱ እዚያ፣ እሷ እዚህ፣ ሁለቱም ብቻቸውን ሲያረጁ፣ ገለቴም ያለ እናት ስታድግ ታያት። እንዲህም ሆኖ፣ ለአንድ አፍታ፣ ተው ልትለው ፈለገች። እግዚአብሔር ይቅር ይበላት፣ በጣም ፈለገች።

«አግባ» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። እጁን ሊዘረጋ አለና ተወው። ወደ መንገዱ ተመልሶ ሲሄድ አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረም፤ ስንዱ ግን ሚኒባሱ እስኪሰወር በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ሠርጉ ጫንጮ ላይ ተደረገ። አበልጅ አትቀርም፤ ብትቀር ነውር ነው። ስንዱ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ለገለቴም ሌላ ነጭ ቀሚስ ገዝታ ሄደች። ኦቦ ቀጄላ ከድንኳኑ በር ተነሥተው፣ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ከዘመዶቹ ሁሉ ፊት ለፊት አስቀመጧት። የክብር ቦታ ነው። ከዚያ ሆና ሁሉንም ነገር ታያለች።

ሙሽሮቹ ሲደርሱ ሰዉ ተነሣ። ዲሪርሳ ሙሽራዪቱን ከመኪናው አወረዳት። ጂሬኛ ገና ልጅ እግር ናት፤ ዓይኗ ሰው ላይ ማረፍ ፈርቷል። ገለቴ የስንዱን እጅ ጨብጣ ታያታለች።

«ክርስትና እናቴ» አለች ቀስ ብላ።

«ወዬ፣ የእኔ እናት።»

«አያቴ አንቺን ጠይቂ አለችኝ። እሷን እማዬ ልበላት?»

ስንዱ ጎንበስ አለች። የልጅቷን የቀሚስ አንገት አስተካከለችላት፤ የተበላሸ ነገር አልነበረውም።

«በያት» አለቻት።

«አንቺ አይከፋሽም?»

«አይከፋኝም። ሂጂ፣ ሳሚያት። እየጠበቀችሽ ነው።»

ገለቴ እጇን ለቃ በሰዉ መሀል ሮጠች። ጂሬኛ ስታያት ተንበርክካ አቀፈቻት፤ ዲሪርሳም ከሁለቱ በላይ ቀና ብሎ ድንኳኑን በዓይኑ ሲፈልግ ስንዱን አገኛት። የሴቶቹ እልልታ የሚጀመረው ከቅርብ ዘመድ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ዞር ብለው እሷን ጠበቁ። ስንዱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልል አለች።